ፋንተም ታይፕ፦ ስህተቱን ኮምፓይል ላይ ለመያዝ ደረጃ በደረጃ

ፋንተም ታይፕ ሞክረው የተዉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሉት አንድ ነው፦ «ጻፍኩት፣ ኮምፓይል አደረገ፣ ግን ምንም አልከለከለኝም።» እውነታቸውን ነው። ምልክቱን መጻፍ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ጊዜ የሚፈጀው በዙሪያው ያሉትን ቀዳዳዎች መድፈን ነው። አንዲት ቀዳዳ ከቀረች ኮምፓይለሩ ዝም ይላል፤ እናንተም ተጠብቄያለሁ ብላችሁ ታምናላችሁ። ስለዚህ አብዛኛው የዚህ መመሪያ ክፍል ስለ ቀዳዳዎቹ ነው።

ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው። አንድ ታይፕ ፓራሜትር ይቀበላል፤ ውስጡ ባለው ዳታ ላይ ግን አይጠቀምበትም። ፓራሜትሩ ከእኩል ምልክቱ በስተግራ አለ፣ በስተቀኝ የለም። ኮምፓይለሩ ብቻ የሚያየው ምልክት ነው፤ ፕሮግራሙ ሲሮጥ ጨርሶ የለም።

እስከ መጨረሻው በአንድ ምሳሌ እንሄዳለን፦ ተጠቃሚ የጻፈውን ጽሑፍ ድረ ገጽ ላይ ማሳየት። እዚህ ላይ ሁለት ስህተቶች አሉ። አንደኛው ሳያጣሩ ማሳየት ነው፤ አንድ ሰው በስሙ ቦታ ስክሪፕት ይጽፍና የሌላው ሰው ብራውዘር ላይ ይሮጣል። ሁለተኛው ሁለቴ ማጣራት ነው፤ ገጹ ላይ የምልክት ዝባዝንኬ ይወጣል። ማጣራት ስል እንደ ማዕዘን ቅንፍ ያሉ ምልክቶችን ብራውዘሩ እንደ ኮድ እንዳያነባቸው መለወጥ ማለቴ ነው። አንድ ፋንተም ታይፕ ሁለቱንም ስህተቶች ይከለክላል።

## ከመጀመራችሁ በፊት

የምንጠቀመው የሃስኬል ቋንቋን ከጂኤችሲ (ከኮምፓይለሩ) ጋር ነው። ዳታካይንድስ፣ ካይንድሲግኔቸርስ እና ሮልአኖቴሽንስ የሚባሉትን ኤክስቴንሽኖች ፋይሉ አናት ላይ አብሩ። ቋንቋውን ጂኤችሲ2024 ላይ ካደረጋችሁ ሦስቱም በርተው ይመጣሉ። የማስጠንቀቂያ ፍላጉንም «ዎል» ላይ አድርጉት። ለምን እንደሆነ ደረጃ 5 ላይ ታያላችሁ።

ስለ ኮዱ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እዚህ ሁሉንም በፊደላችን ጽፌዋለሁ። ኤዲተር ላይ ቁልፍ ቃላቱን በሃስኬል አጻጻፍ ተኩ። የፈንክሽን ስም በአማርኛ ብትጽፉ ሃስኬል ይቀበላችኋል። የታይፕና የኮንስትራክተር (ቫልዩ የሚሠራበት) ስም ግን በትልቅ ፊደል መጀመር አለበት። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ጂኤችሲ እንደ ትንሽ ፊደል ይቆጥረዋል። ስለዚህ የታይፕና የኮንስትራክተር ስሞቹን በላቲን ጻፉ።

ቁልፍ ከመንካታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ፦ ኮዱን ስትጽፉ ጽሑፉ በየትኛው ሁኔታ ላይ እንዳለ ታውቃላችሁ? አዎ ከሆነ ቀጥሉ። ሁኔታው የሚታወቀው ፕሮግራሙ ሲሮጥ ብቻ ከሆነ ፋንተም ታይፕ ብቻውን አይበቃችሁም። ደረጃ 8ን አስቀድማችሁ አንብቡ።

## ደረጃ 1፦ ሁኔታዎቹን ወረቀት ላይ አውጡ

ሁለት ክብ ሥሩ። አንዱ «ጥሬ»፣ ሌላው «የተጣራ»። ከጥሬ ወደ የተጣራ ቀስት ሥሩ። ተመላሽ ቀስት አለ ወይ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። በእኛ ምሳሌ የለም። እያንዳንዱ ቀስት በኋላ አንድ ፈንክሽን ይሆናል። የሌለ ቀስት የሌለ ፈንክሽን ነው። ከአራት ወይም ከአምስት ክብ በላይ ከሆነባችሁ ቆም በሉ፤ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ደባልቃችሁ ሊሆን ይችላል።

## ደረጃ 2፦ ምልክቶቹን አውጁ

```
ዳታ ሁኔታ = ጥሬ | የተጣራ
```

ዳታካይንድስ ስለበራ «ጥሬ» እና «የተጣራ» ታይፕ ውስጥ መግባት ይችላሉ። ባዶ ታይፖችን ማወጅም ይቻላል፤ ብዙ የቆየ ኮድ እንደዚያ ነው። እኔ ግን ይህኛውን እመርጣለሁ። በባዶ ታይፕ ከሄዳችሁ አንድ ሰው «ጽሑፍ ኢንት» ብሎ ቢጽፍ ኮምፓይለሩ ይቀበለዋል። በዚህኛው መንገድ ከሁለቱ ውጭ ምንም አይገባም።

## ደረጃ 3፦ ማሸጊያውን ጻፉ

```
ኒውታይፕ ጽሑፍ (ሁ :: ሁኔታ) = ማሸጊያ ቴክስት
```

«ሁ» በስተቀኝ የለም። ፋንተም የሚያሰኘው እሱ ነው። ኒውታይፕ ስለሆነ ራንታይም ላይ ተጨማሪ ሸክም የለውም፤ ጽሑፉ እንዳለ ቴክስት ሆኖ ነው የሚቀመጠው።

ጥንቃቄ፦ በኒውታይፕ ፈንታ «ታይፕ» የሚለውን ቁልፍ ቃል አትጠቀሙ። ታይፕ ሲኖኒም ቅጽል ስም ብቻ ነው። ኮምፓይለሩ ሲፈታው «ጽሑፍ ጥሬ» ም ቴክስት፣ «ጽሑፍ የተጣራ» ም ቴክስት ይሆናል። ሁለቱ አንድ ናቸው ማለት ነው፤ ምንም ኤረር አይመጣም። «ምንም አልከለከለኝም» ያላችሁ ከሆነ መጀመሪያ የምታዩት ይህንን መስመር ነው።

## ደረጃ 4፦ በሩን ዝጉ

ሁሉንም በአንድ ትንሽ ሞጁል ውስጥ አስቀምጡ። ከዚያ ወደ ውጭ የሚወጣውን በስም ዘርዝሩ፦

```
ሞጁል ጽሑፍ
  ( ሁኔታ(..)
  , ጽሑፍ
  , ከተጠቃሚ
  , አጣራ
  , አሳይ
  ) ዌር
```

ሁለቱን መስመሮች በደንብ እዩ። «ሁኔታ» ሁለት ነጥብ በቅንፍ አለው፤ ሌላ ፋይል ላይ ሲግኔቸር (የፈንክሽኑን ግብዓትና ውጤት ታይፕ የሚገልጸውን መስመር) ስትጽፉ «ጥሬ» እና «የተጣራ» የሚሉትን ስሞች ስለምትፈልጓቸው ነው። «ጽሑፍ» ግን የለውም። ያ ቅንፍ ከተጨመረ «ማሸጊያ» ወደ ውጭ ይወጣል። ከዚያ ማንም ሰው የፈለገውን ቴክስት አሽጎ «የተጣራ» ማለት ይችላል። ሰው የሚሳሳተው ሁለቱን እያቀያየረ ነው።

ማሸጊያውን በሬከርድ (ፊልዶቹ ስም ባላቸው መልክ) ጽፋችሁ የፊልዱን ስምም አትላኩ። ለማንበብ ብቻ የላካችሁት ይመስላችኋል። ሃስኬል ላይ ግን የፊልዱ ስም ያለው ሰው ሬከርዱን ማደስ ይችላል። የተጣራ ጽሑፍ ይዞ ውስጡን ባልተጣራ ይተካዋል፤ ምልክቱ «የተጣራ» እንዳለ ይቀራል። ውስጡን ማንበብ ካስፈለገ ተራ ፈንክሽን ጽፋችሁ እሱን ላኩ።

## ደረጃ 5፦ መግቢያውን አጥብቡ

```
ከተጠቃሚ :: ቴክስት -> ጽሑፍ ጥሬ
ከተጠቃሚ ቴ = ማሸጊያ ቴ
```

አሁን ሲግኔቸሩን አጥፉትና ኮምፓይለሩን ታይፑን ጠይቁት። የሚመልስላችሁ ይህን ነው፦

```
ከተጠቃሚ :: ቴክስት -> ጽሑፍ ሁ
```

«ሁ» ክፍት ነው። ክፍት ማለት የሚጠራው ሰው ይመርጣል ማለት ነው። «የተጣራ ይሁን» ካለ የተጣራ ይሆናል። ኮምፓይለሩ አልተሳሳተም፤ ካልተነገረው ሁልጊዜ ሰፊውን ታይፕ ነው የሚይዘው። እኔ ራሴ አንድ ፕሮጀክት ላይ ይህችን ቀዳዳ ትቼ ለሳምንታት አላወቅኩም ነበር። የነቃሁት የአንድ ተጠቃሚ ስም ገጹ ላይ ተዝረክርኮ ስላየሁ ነው።

«አጣራ» ላይ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ያለ ሲግኔቸር «ጽሑፍ ሀ -> ጽሑፍ ለ» ይሆናል፤ ከማንኛውም ወደ ማንኛውም ማለት ነው። ስለዚህ እዚህ ሞጁል ውስጥ ያለ ሲግኔቸር የሚቀር ፈንክሽን አይኑር። «ዎል» ያስጠነቅቃችኋል፤ ማስጠንቀቂያውን አትለፉት።

ደንቡ ቀላል ነው፦ «ሁ» በውጤቱ ላይ ካለ በግብዓቱም ላይ መኖር አለበት። ውጤት ላይ ብቻ ከታየ ቀዳዳ ነው።

## ደረጃ 6፦ ቀስቶቹን ፈንክሽን አድርጉ

```
አጣራ :: ጽሑፍ ጥሬ -> ጽሑፍ የተጣራ
አሳይ :: ጽሑፍ የተጣራ -> ገጽ
```

«ገጽ» የድረ ገጹ ታይፕ ነው። «አሳይ» ጥሬ አይቀበልም፤ የመጀመሪያው ስህተት ተዘጋ። «አጣራ» የተጣራ አይቀበልም፤ ሁለቴ ማጣራትም ተዘጋ።

ጥንቃቄ፦ ምልክቱ «አጣራ» ውስጥ ያለው ኮድ ትክክል ይሁን አይሁን አያውቅም። በቃላችሁ ነው የሚያምነው። ለምሳሌ የ«&» ምልክት ከሌሎቹ ቀድሞ መተካት አለበት። መጨረሻ ላይ ከተካችሁት የማዕዘን ቅንፎቹ ሲተኩ የገቡትን አዳዲስ «&» ምልክቶች ደግሞ ይተካቸዋል። አንዱን ፈንክሽን አንዴ ብቻ ጠርታችሁ ሁለቴ አጣራችሁ ማለት ነው። ይህንን የሚይዘው ተራ ቴስት ነው። «አጣራ» ላይ በቂ ቴስት ጻፉ፤ የሁሉም ነገር እምነት እሱ ላይ ነው የተጣለው።

### ለሁለቱም ሁኔታ የሚሠሩ ፈንክሽኖች

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። «ለሁለቱም ይሠራል» ብላችሁ «ሁ»ን ክፍት ስትተዉ ሁልጊዜ አስቡበት።

ሁለት ጽሑፎችን ማያያዝ ችግር የለውም፦

```
አያይዝ :: ጽሑፍ ሁ -> ጽሑፍ ሁ -> ጽሑፍ ሁ
```

የተጣራ ከየተጣራ ጋር ሲያያዝ የተጣራ ነው። ጥሬን ከየተጣራ ጋር ማያያዝ ደግሞ አይቻልም፤ ሁለቱም «ሁ» አንድ መሆን አለባቸው።

መቁረጥስ? «የመጀመሪያዎቹን 20 ፊደላት ስጠኝ» የሚል ፈንክሽን ምንም የማይጎዳ ይመስላል። ጎጂ ነው። ጽሑፉ ከተጣራ በኋላ አንድ የማዕዘን ቅንፍ አራት ፊደል ይሆናል፤ የ«&» ምልክት ደግሞ አምስት። መቁረጫው መሃላቸው ላይ ካረፈ ግማሽ ምልክት ገጹ ላይ ይቀራል። ርዝመት መቁጠርም እንደዚሁ ነው፤ ከተጣራ በኋላ የምትቆጥሩት ተጠቃሚው የሚያየውን አይደለም። ስለዚህ ሁለቱም ጥሬ ላይ ብቻ ይሥሩ፦

```
ቁረጥ :: ኢንት -> ጽሑፍ ጥሬ -> ጽሑፍ ጥሬ
ርዝመት :: ጽሑፍ ጥሬ -> ኢንት
```

ፋንተም ታይፕን የምወደው በዚህ ምክንያት ነው። እያንዳንዱ ፈንክሽን ላይ «ይህ የሚሠራው የት ነው?» ብላችሁ እንድትጠይቁ ያስገድዳችኋል።

ሌላው እንዳያመልጣችሁ የምፈልገው «ለውጥ» የሚባለው ዓይነት ረዳት ነው። ማንኛውንም የቴክስት ፈንክሽን ተቀብሎ ውስጡ ላይ ይሠራል፣ ምልክቱን ግን እንዳለ ይመልሳል። ሞጁሉ ውስጥ ይመቻል። ወደ ውጭ ከላካችሁት ግን ማንም ሰው የተጣራውን ጽሑፍ ሊያበላሸው ይችላል።

## ደረጃ 7፦ የኋላ በሮቹን ቆልፉ

ከዚህ በፊት ሁሉንም በትክክል የሠሩ ሰዎችም እዚህ ይወድቃሉ።

ኮአርስ። ጂኤችሲ «ሁ» በስተቀኝ እንደሌለ አይቶ ሮሉን «ፋንተም» ብሎ ይመዘግባል። ትርጉሙ «ይህ ምልክት ቢቀየር ለውጥ የለውም» ማለት ነው። ስለዚህ ሌላ ፋይል ላይ ያለ ሰው ማሸጊያውን ሳያይ እንኳ ኮአርስ የሚባለውን ፈንክሽን ጠርቶ ጥሬውን የተጣራ ያደርገዋል። መዝጊያው አንድ መስመር ነው፦

```
ታይፕ ሮል ጽሑፍ ኖሚናል
```

ከኒውታይፑ ቀጥሎ አስቀምጡት። ከአሁን በኋላ ከውጭ አይሠራም። ሞጁሉ ውስጥ ግን ማሸጊያው ስለሚታይ አሁንም ይሠራል። ሞጁሉን ትንሽ አድርጉ ያልኩት ለዚህም ጭምር ነው። አንሴፍኮአርስን (ታይፕን ያለ ምንም ቁጥጥር የሚቀይረውን ፈንክሽን) ደግሞ ይህ አያቆመውም፤ ኮድ ስትገመግሙ ስሙን ፈልጋችሁ ያዙት።

ደራይቪንግ፣ ማለትም ኮምፓይለሩ እንደ ማንበብና ማሳየት ያሉ ችሎታዎችን ለታይፑ በራሱ እንዲጽፍ ማዘዝ። በልማድ የምትደረድሯቸውን አትደርድሩ። ሪድ ከተጨመረ ማንም ሰው ከስትሪንግ የተጣራ ጽሑፍ ያነባል። ጄኔሪክና ከጄሰን መቀበያውም እንደዚሁ። ኢዝስትሪንግ ለማንኛውም «ሁ» ከተሰጠ በጥቅስ የተጻፈ ጽሑፍ ሁሉ በቀጥታ የተጣራ መሆን ይችላል። ሾው እና ኢኩ ችግር የለባቸውም። ጄሰን የግድ ካስፈለገ ኢንስታንሱን (የችሎታውን ኮድ) ለ«ጽሑፍ ጥሬ» ብቻ ጻፉ። ፋንክተርን ማሰብ አያስፈልግም፤ ምልክቱን ደረጃ 2 ላይ እንዳደረግነው ካወጃችሁ ካይንዱ (የታይፑ ዓይነት) ስለማይገጥም ኮምፓይለሩ ራሱ አይቀበለውም።

## ደረጃ 8፦ ሁኔታው የማይታወቅ ሲሆን

ከዳታቤዝ የመጣ ጽሑፍ ምልክት የለውም፤ ምልክቱ ኮምፓይል ሲያልቅ ጠፍቷል። ፓተርን ማች አድርጋችሁ «ጥሬ ነህ ወይስ የተጣራ?» ማለት አይቻልም። ምክሬ ጥሬውን ብቻ ማስቀመጥና ስታሳዩ ማጣራት ነው። ዳታቤዙ ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ተቀላቅሎ ካለና የሚለይ ኮለም ካለ፣ ድንበሩ ላይ ተራ ታይፕ አድርጉ፦

```
ዳታ የመጣ
  = ጥሬመጣ (ጽሑፍ ጥሬ)
  | ተጣርቶመጣ (ጽሑፍ የተጣራ)
```

ኮለሙን አንብባችሁ ከሁለቱ አንዱን መልሱ። ይህን የሚጠራው ኮድ ኬዝ አድርጎ ይለያቸዋል፤ ከዚያ በኋላ በየቅርንጫፉ ምልክቱ ይታወቃል። ሁለቱን አንድ ሊስት ውስጥ ማስገባት ከፈለጋችሁም መልሱ ይኸው ነው።

## ደረጃ 9፦ ሆን ብላችሁ ለመስበር ሞክሩ

ኮምፓይል ማድረጉ ጥበቃ መኖሩን አያሳይም። መከልከሉን በዓይናችሁ እዩ። እያንዳንዱን ሙከራ በየራሱ ፋይል ጻፉ፦

1. ጥሬ ጽሑፍ ለ«አሳይ» ስጡ።
2. «አጣራ»ን ሁለቴ ጥሩ።
3. «ማሸጊያ»ን ከውጭ ተጠቀሙ።
4. በኮአርስ ጥሬውን የተጣራ አድርጉ።
5. «ከተጠቃሚ» ውጤት ላይ «ጽሑፍ የተጣራ» ብላችሁ ሲግኔቸር ጻፉ።

አምስቱም ኮምፓይል ማድረግ የለባቸውም። በአንድ ፋይል አትደባልቋቸው፤ አንዱ ብቻ ቢከለከል ፋይሉ ይወድቅና ሌሎቹ አራቱ ክፍት መሆናቸውን ሳታውቁ ትቀራላችሁ። ኤረሩንም አንብቡ። በስም ስህተት ምክንያት የወደቀ ፋይል ምንም አላረጋገጠም።

ጥንቃቄ፦ ይህን ጂኤችሲአይ (የጂኤችሲ መሞከሪያ መስኮት) ላይ ሞጁሉን ሎድ አድርጋችሁ አትሞክሩ። ሎድ የተደረገ ሞጁል ውስጡ ያለውን ሁሉ፣ ያልተላከውንም ጨምሮ ያሳያችኋል። «ኤክስፖርቱ አልሠራም» ብላችሁ ትደናገጣላችሁ። ከሌላ ፋይል ኢምፖርት አድርጋችሁ ሞክሩ። ቢልዱ ላይ ዲፈር ታይፕ ኤረርስ የሚባለው ፍላግ አለመብራቱንም አረጋግጡ፤ ከበራ የታይፕ ስህተቱ ወደ ማስጠንቀቂያ ይወርድና ፕሮግራሙ ሲሮጥ ይፈነዳል።

## ኤረር ሲመጣ

«ጥሬ ከየተጣራ ጋር አይገጥምም»። የፈለጋችሁት ይህንን ነው። የትኛው አርጉመንት ላይ እንደሆነ እዩና የጎደለውን «አጣራ» ጨምሩ። ለማስቆም ብላችሁ ማሸጊያውን ከፍታችሁ እንደገና አታሽጉ።

የካይንድ ስህተት። «ሁኔታ ጠብቄ ታይፕ መጣ» የሚል ከሆነ ምልክቱ ቦታ ላይ እንደ ቴክስት ያለ ተራ ታይፕ አስገብታችኋል።

ኢፍ ላይ የሚመጣ። በአንዱ ቅርንጫፍ «አጣራ ጽ»፣ በሌላው «ጽ» ብቻ ከመለሳችሁ ሁለቱ የተለያዩ ታይፖች ናቸው፤ ኮምፓይለሩ አይቀበልም። ወይ ሁለቱንም አጣሩ፣ ወይ እንደ «የመጣ» ያለ ታይፕ መልሱ።

«ሪጂድ» የሚል ቃል ያለበት። ሲግኔቸሩ ላይ «ለማንኛውም ሁ» ብላችሁ ቃል ገብታችሁ ውስጡ ግን ለጥሬ ብቻ የሚሠራ ነገር ጠርታችኋል። ሲግኔቸሩን አጥብቡ።

## ፋንተም ታይፕ የማይይዘው አንድ ነገር

የተከፈተና የተዘጋ ፋይልን በምልክት ለመለየት የሚሞክሩ አሉ። «ዝጋ» የተከፈተ ተቀብሎ የተዘጋ ይመልሳል። ጥሩ። ግን የድሮው ቫልዩ አሁንም በእጃችሁ ነው፤ ታይፑም አሁንም «የተከፈተ» ይላል። ተዘግቶ እያለ ብታነቡበት ኮምፓይለሩ አያይም። ለዚህ አንድን ቫልዩ ከአንድ ጊዜ በላይ መጠቀምን የሚከለክል ነገር ያስፈልጋል፤ ጂኤችሲ ላይ ከ9.0 ጀምሮ ሊኒየር ታይፕስ አለ።

## በሌላ ቋንቋ ከሆነ

ረስት ላይ ያልተጠቀማችሁበትን ፓራሜትር ኮምፓይለሩ አይቀበልም። ፋንተምዳታ የሚባለውን ፊልድ ጨምሩ፣ ፊልዶቹን ፕራይቬት አድርጉ። «ዝጋ» ቫልዩውን በሬፈረንስ ሳይሆን ራሱን ከተቀበለና ታይፑ ኮፒም ክሎንም ከሌለው፣ ከላይ ያልኩት የድሮ ቫልዩ ችግር እዚያ የለም።

ኦካምል ላይ ቁልፉ የኢንተርፌስ ፋይሉ ነው። እዚያ ታይፑን አብስትራክት አድርጋችሁ ጻፉ። «እኩል ይሆናል ስትሪንግ» የሚለውን እዚያ ከጻፋችሁ ምልክቱ ዋጋ የለውም።

ታይፕስክሪፕት ታይፖችን የሚያወዳድረው በቅርጻቸው ነው። ፓራሜትሩ ቅርጹ ውስጥ ከሌለ ጥሬውንና የተጣራውን አንድ አድርጎ ነው የሚያያቸው። ስለዚህ ፓራሜትሩን የሚይዝ አንድ ፕሮፐርቲ ታይፑ ላይ ጨምሩ፤ ራንታይም ላይ ባይኖርም ችግር የለውም። የደረጃ 9ን ሙከራዎች ደግሞ ከየመስመሩ በላይ «እዚህ ኤረር እጠብቃለሁ» የሚለውን ኮመንት እያደረጋችሁ ጻፉ። ኤረሩ ካልመጣ ኮምፓይለሩ ራሱ ይጮኻል።